ከሶፊ እስከ አንካራ፤ ስለ ቱርኮች የማዕርግና የቤተ ሰብ ስም



ከሐረር ከተማ ግንብ ወጥቶ ወደ ገጠሩ የሚጓዝ ሰው ሶፊ የተባለውን አገር ያገኛል። ሶፊ ዛሬ በሐረሪ ክልል ከሚገኙት የገጠር ወረዳዎች አንዱ ነው። ስሙን ስንመረምረው የወንዝ ወይም የዛፍ ስም ሆኖ አናገኘውም፤ የሰው ማዕርግ ነው። «ሱፍ» በዐረብኛ የበግ ጠጕር ማለት ነው። ከጥንት የእስልምና መነኰሳት አብዛኞቹ ሻካራ የሱፍ ልብስ ይለብሱ ነበርና «ሱፊ» ተባሉ፤ ትርጓሜውም «ባለ ሱፉ» እንደ ማለት ነው። እኛ ዛሬ በየመሥሪያ ቤታችን «እገሌ ሱፍ ለብሶ መጣ» ስንል የምናስበው ምናኔን ሳይሆን ሹመትን ነው። ቃሉ አንድ ሲሆን የለበሰው ሰው ተለውጧል።

ይኸው ቃል ባሕር ተሻግሮ በቱርኮች አገር «ሶፉ» ተብሏል፤ ሃይማኖቱን አጥባቂ ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ በኢስታንቡል ወይም በአንካራ «ሶፉኦሉ» የሚባል ሰው ቢገጥማችሁ «የሶፉ ልጅ» ማለቱ መሆኑን ዕወቁ። እንግዲህ አንዱ ማዕርግ በሐረር የአገር ስም ሆኖ ሲቀር፣ በቱርክ ደግሞ በመታወቂያ ወረቀት ላይ የሚጻፍ የቤተ ሰብ ስም ሆኗል። የዛሬው ንግግራችን ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ የሚታየው ቢኖር ጥቂት ይታገሠን፤ ቱርኮች ማዕርጋቸውን ይዘው እስከ ሐረር በር ድረስ መጥተው ነበርና።

ቱርኮች ከመምጣታቸው በፊት ሐረር የራሷ ማዕርግ ነበራት። የከተማው ሕዝብ በጸሎቱና በትምህርቱ የታወቀውን ሰው «አው» ይለዋል፤ አባት ማለት ነው። አው አባድር፣ አው ሐኪም የሚሉት ስሞች የዚህ ምስክሮች ናቸው። «አሚር» ዐረብኛ ነው፤ አዛዥ ማለት ነው። «ገራድ» የአገር ገዥና የወረዳ ሹም መጠሪያ ነበረ። «ኢማም» ደግሞ በጸሎት ከፊት የሚቆም መሪ ነው። ከእነዚህ ማዕርጎች አብዛኛውን የአገራችንን ክፍል ያንቀጠቀጠው የመጨረሻው ነበረ፤ የኢብራሂም ልጅ አሕመድ የወሰዱት የንጉሥነትን ስም ሳይሆን ይህንኑ የኢማምነትን ስም ነውና።

በእኚህ ሰው ስም ላይ ጥቂት እንቆይ። የወገኖቻቸው ጸሓፊዎች «አል-ጋዚ» ይሏቸዋል፤ ስለ ሃይማኖቱ የዘመተ ማለት ነው። እኛ ደጋው ላይ ያለነው «ግራኝ» አልናቸው፤ በግራ እጃቸው ይዋጉ ነበርና። አንዱ ስም ከወዳጅ፣ ሌላው ከባላጋራ የተሰጠ ነው። ሁለቱም ግን በቱርኮች ዘንድ መንትያ አላቸው። «ጋዚ» የኦስማን ሱልጣኖች ከሁሉ አስቀድመው የሚመኩበት ማዕርግ ነበረ፤ ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላም በ1914 ዓ.ም. መስከረም ወር የአንካራው ሸንጎ ይህንኑ ማዕርግ ለሙስጠፋ ከማል ሰጣቸው። «ግራኝ» ማለትም በቱርክኛ «ሶላክ» ነው። ሶላኮች የሱልጣኑ የቅርብ ዘበኞችና ቀስተኞች ነበሩ፤ በሱልጣኑ ቀኝ የሚሄደው ቀስተኛ ለጌታው ጀርባውን ሳይሰጥ እንዲተኵስ ግራኝ መሆን ነበረበት ይባላል። ዛሬ ሶላክ በቱርክ የቤተ ሰብ ስም ነው። በእኛ ዘንድ በሕፃንነታችን ማስፈራሪያ የነበረው ስም በዚያ አገር በሱቅ በራፍ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ቱርኮች ወደ ኢትዮጵያ የደረሱት በኢማም አሕመድ ዘመን ነው። ፖርቱጋሎች ለኢትዮጵያ ንጉሥ እርዳታ ከመጡ በኋላ ኢማሙ በ1534 ዓ.ም. ከቱርኮች ዘንድ ዘጠኝ መቶ ያህል ነፍጠኞች አስመጡ፤ የፖርቱጋሎቹም አለቃ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ በዚያው ክረምት ድል ሆኖ ተገደለ። ኢማሙ በድሉ ተማምነው ከነፍጠኞቹ የሚበዙትን አሰናበቱ፤ በየካቲት 1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ሲሞቱ ሁለት መቶ ያህል ብቻ ቀርተዋቸው ነበረ። ይህ የብዙዎች ጸሓፊዎች ትረካ ነውና አልዘረዝረውም።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ቀጥሎ የመጣው ሰው ነው። በ1547 ዓ.ም. የኦስማን መንግሥት «ሐበሽ» የሚባል ጠቅላይ ግዛት በወረቀት ላይ አቋቋመ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ኦዝደሚር ፓሻ ምጽዋን ያዘ፤ ወደ ደጋውም ወጥቶ እስከ ድባርዋ ደረሰ። «ደሚር» ብረት ነው፤ «ኦዝ» ደግሞ ጥሩ፣ ያልተቀላቀለ ማለት ነው። ስለዚህ ኦዝደሚር «ጥሩ ብረት» ነው። እርሱ ከሞተ በኋላ ልጁ ዑስማን በዚሁ በሐበሽ ግዛት ላይ ተሾመ፤ በ1576 ዓ.ም. ደግሞ ከሱልጣኑ በታች ያለውን የመጨረሻ ሥልጣን፣ የታላቁን ቪዚርነት አገኘ። ታሪክ የሚጠራው «ኦዝደሚርኦሉ ዑስማን ፓሻ» ብሎ ነው፤ የጥሩ ብረት ልጅ ዑስማን ፓሻ። ልብ በሉ፤ ይህ እኛ «መኰንን ወልደ ሚካኤል» ብለን እንደምንጠራው ያለ አጠራር ነው። የቤት ስም አይደለም፤ የአባት ስም ነው። ማዕርጉም ከልጅነት ጋር አይወረስም፤ ሱልጣኑ ይሰጣል፣ ሱልጣኑ ይነሣል።

«ፓሻ» ከምን እንደ ተወለደ ሊቃውንት ይከራከራሉ። ከፋርስኛው «ፓዲሻህ» የሚያመጡት አሉ፤ ሌሎች ግን «ባሽ» ከሚለው የቱርክኛ ቃል ያወጡታል። ባሽ ራስ ማለት ነው። የኋለኛው ትክክል ከሆነ ፓሻና ራስ የአንድ አሳብ ሁለት ቋንቋ ናቸው። «በይ» የጥንት ቱርኮች የነገድ ጌታ መጠሪያ ነው። የጠቅላይ ግዛት ገዥም «በይለርበይ» ይባል ነበረ፤ የበዮች በይ ማለት ነው። «ንጉሠ ነገሥት» ማለት ለለመደ ሕዝብ ይህ አነጋገር እንግዳ አይሆንበትም።

ባሽ የሚለው ቃል በወታደሩ ቤት እጅግ ጠቅሟል። በቱርክ ሠራዊት እስከ ዛሬ ድረስ «ኦንባሺ» የአሥር ራስ፣ «ዩዝባሺ» የመቶ ራስ፣ «ቢንባሺ» የሺ ራስ ነው። አሁን የእኛን አስቡ፤ አሥር አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ ሺ አለቃ ወይም ሻለቃ። የማዕርጉ ደረጃ በሁሉ ቦታ አይገጥምም፤ ዩዝባሺ በእኛ ሻምበል ከሚባለው ጋር ይስተካከላል። ዳሩ ግን ሁለቱ ሕዝቦች ሰውን ለጦርነት ሲቈጥሩ በአንድ ዓይነት ጣት ቈጥረዋል።

በጎንደር ነገሥታት ቤትም የነፍጠኞች አለቃ «የቱርክ ባሻ» ይባል እንደ ነበረ እናውቃለን። ብዙዎች «ባሻ» ከ«ፓሻ» የመጣ ነው ይላሉ። የእኔ ግምት ግን «ባሺ» ከሚለው፣ የአንድ ክፍል አለቃ ከሚባለው የወታደር ቃል ሳይቀርብ አይቀርም የሚል ነው፤ ሥራው በልክ ይገጥመዋልና። ከየትም ይምጣ፤ ቃሉ አገራችን ከገባ በኋላ ከዘመን ወደ ዘመን ዝቅ እያለ ሄደ። በኢስታንቡል ፓሻ ሠራዊት የሚያሰልፍ ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ባሻ ከፊታውራሪና ከቀኛዝማች በታች የሆነ የአጥቢያ ማዕርግ ሆነ፤ በመጨረሻም «ባሻዬ» ተብሎ ለጎረቤት ሽማግሌ የሚነገር የፍቅር ቃል ሆኖ ቀረ። ማዕርግ እንደ ገንዘብ ነው፤ ብዙ እጅ ሲዞር ይሳሳል።

ፓሻው ራሱ ሐረር የገባው በጥቅምት 1868 ዓ.ም. ነው። የግብጹ ኢስማኢል፣ በ1859 ዓ.ም. ከሱልጣኑ «ኬዲቭ» የሚል ማዕርግ የተቀበለው፣ በዚያ ዘመን ኢትዮጵያን ከሦስት አቅጣጫ ሊከባት ተነሥቶ ነበረ። በሰሜን ጉንደትና ጉራ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በምሥራቅ ግን ራኡፍ ፓሻ ከዘይላ ወጥቶ ሐረርን ያዘ፤ አሚር ሙሐመድም ተገደሉ። ሠራዊቱ የግብጽ ሲሆን ሰንደቁና ማዕርጉ የኦስማን ነበረና፣ የአገራችን ሰው እነዚህን ሁሉ «ቱርክ» ይላቸው ነበረ። ከ1640 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአንድ ዘር አሚሮች በተቀመጡበት ከተማ ዐሥር ዓመት ያህል ፓሻ በፓሻ ተተካ፤ ራኡፍ፣ ራድዋን፣ ናዲ። ከእነርሱም ጋር የጦር መኰንኖቹ በዮችና ጸሓፊዎቹ ኤፈንዲዎች መጡ።

«ኤፈንዲ» የሚለው ቃል ለእኛ ለብዕር ሠራተኞች የሚቀርብ ነው። መነሻው ግሪክ ነው፤ «አውቴንቴስ» ጌታ፣ ባለ ሥልጣን ማለት ነው። የቁስጥንጥንያ ግሪኮች በአፋቸው «አፌንዲስ» አሉት፤ ቱርኮችም ቃሉን ወረሱት። በኋላ ዘመን ግን ቃሉ ከጌታነት ወርዶ ማንበብና መጻፍ ለሚያውቅ፣ ቀይ ቆብ ደፍቶ በጽሕፈት ቤት ለሚውል ሰው ተሰጠ። ጌታ የነበረው ቃል የመዝገብ ቤት ሹም ሆነ ማለት ነው። ሹመት ነው ወይስ ሽረት? ፍርዱን ለአንባቢ ትቼዋለሁ።

ግብጾች በ1877 ዓ.ም. ሐረርን ለቀው ወጡ፤ የአሚር ሙሐመድ ልጅ አሚር አብዱላሂም ለጥቂት ጊዜ የአባታቸውን ማዕርግ መለሱ። በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን በጨለንቆ ጦርነት ንጉሥ ምኒልክ ድል ካደረጉ በኋላ ከተማው ለባላምባራስ መኰንን ተሰጠ፤ ወዲያውም ደጃዝማች ተባሉ፤ በ1882 ዓ.ም. ራስ ሆኑ። እንግዲህ ከ1868 እስከ 1882 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የሐረር ሰው አሚር ብሎ፣ ፓሻ ብሎ፣ እንደ ገና አሚር ብሎ፣ ደጃዝማች ብሎ፣ በመጨረሻ ራስ ብሎ ገዥውን ጠራ። በዐሥራ አራት ዓመት ያህል ጊዜ አንድ ከተማ ይህን ያህል ማዕርግ ለመልመድ ተገደደ። ትርጓሜያቸውን ስናይ ግን ሩቅ አልሄዱም፤ ፓሻ ከባሽ፣ ራስም ራስ ነው። ባላምባራስ የአምባ ራስ ነው። ደጃዝማች የደጅ ዘማች ነው፤ የኦስማን መንግሥትም ራሱን «ባቢ ዓሊ»፣ ከፍተኛው በር ብሎ ይጠራ ነበረ። መንግሥትን በደጁ መጥራት የሁለታችንም ልማድ ነው። ደጅ መጥናት ምን እንደ ሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ አንካራ እንሻገር። የሱልጣኑ መንግሥት በ1915 ዓ.ም. ተሻረ፤ በ1916 ዓ.ም. ሪፐብሊክ ታወጀ። እስከዚያ ድረስ ቱርካዊው እንደ እኛ የራሱን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ቢያስፈልግ የአገሩን ወይም የሥራውን ቅጽል ብቻ ይዞ ይኖር ነበረ። ግብር ሰብሳቢውና ወታደር መልማዩ በአንድ መንደር ውስጥ ዐሥር «የአሕመድ ልጅ መሕመት» ያገኝ ነበረ። ስለዚህ ሰኔ 14 ቀን 1926 ዓ.ም. እያንዳንዱ ዜጋ የቤተ ሰብ ስም እንዲይዝ የሚያዝ ሕግ ወጣ፤ በታኅሣሥ 1927 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ለሕዝቡ የሁለት ዓመት ጊዜ ተሰጠ። ራሱ ያልመረጠውን የአገሩ ሹም መረጠለት። ኅዳር 15 ቀን 1927 ዓ.ም. ሙስጠፋ ከማል «አታቱርክ» ተባሉ፤ «አታ» አባት ነው፤ የሐረሩን «አው» ታስታውሳላችሁ። ይህ ስም ለእርሳቸው ብቻ እንዲሆን በሕግ ተወሰነ፤ እኅታቸው መቅቡሌ እንኳ «አታዳን» ተባሉ እንጂ አታቱርክ አልተባሉም። ኢስመት ፓሻም በ1913 ዓ.ም. ድል ያደረጉበትን ስፍራ ስም ወስደው «ኢኖኑ» ሆኑ።

በሁለት ቀን ልዩነት፣ ኅዳር 17፣ ሌላ ሕግ ተከተለ። ይህኛው ስም የሚሰጥ ሳይሆን ስም የሚነሣ ነው። አጋ፣ ሐጂ፣ ሐፊዝ፣ ሆጃ፣ ሞላ፣ ኤፈንዲ፣ በይ፣ ፓሻ፣ ሐኑም የሚባሉት ማዕርጎች ሁሉ ተሻሩ። ዜጎች በሕግና በመንግሥት ጽሑፍ ፊት በስማቸው ብቻ እንዲጠሩ ታዘዘ። ቀደም ሲል የነበረው ሥርዓት ሰውን በጌታው በኩል ሲያውቀው፣ አዲሱ በመዝገብ በኩል ሊያውቀው ፈለገ።

ሰዎቹ ምን መረጡ? ብረት፣ አለት፣ ጭልፊት፣ ኮከብ። ደሚር ብረት ነው፤ ካያ አለት ነው፤ ቸሊክ የጠነከረ ብረት ነው። እጅግ ከበዙት ስሞች አንዱ «ዪልማዝ» ነው፤ ወደ ኋላ የማይል ማለት ነው። በጎጃም ወይም በጎንደር «አይሸሽም» የሚባል ሰው ካጋጠማችሁ ስሙን ወደ ቱርክኛ ቢመልሱት ዪልማዝ ይሆናል። ኦዝደሚርም፣ ያ ምጽዋን የያዘው ሰው መጠሪያ፣ ዛሬ በቱርክ እጅግ ከተለመዱት የቤተ ሰብ ስሞች ውስጥ ነው፤ የተሸከሙት ግን የእርሱ ዘር ስለ ሆኑ አይደለም፤ ስሙ አምሮባቸው ነው። ሕጉ የቤት ስም ሰጠ እንጂ የቤቱን ታሪክ ሊሰጥ አልቻለም።

እንዲያውም የአንዳንዱን ታሪክ ወሰደ። ደንቡ «ያን»፣ «ዛደ»፣ «ቢን» እና እነዚህን የመሰሉ፣ ከአርመንኛ፣ ከፋርስኛና ከዐረብኛ የመጡ የስም ጫፎችን ከለከለ። «ያን» የአርመኖች የልጅነት ምልክት ነው። አርመኖች ግን ከዚህ ሕግ ብዙ ዘመን አስቀድመው የቤተ ሰብ ስም ነበራቸው፤ ብዙውም ከቱርክኛ የሥራ ስም የተሠራ ነበረ። የዚህን ምስክር ፍለጋ ቱርክ ድረስ መሄድ አያሻም፤ ሐረርና አዲስ አበባ ይበቃል። በሐረር ሲነግዱ ቈይተው በኋላ የእንፋሎት መንገድ መዳመጫ ወደ አዲስ አበባ ያስመጡትን፣ ሕዝቡም መኪናውን «የሰርኪስ ባቡር» ያለላቸውን ሙሴ ሰርኪስ ተርዝያንን አስቡ። «ተርዚ» በቱርክኛ ልብስ ሰፊ ነው፤ ተርዝያን የልብስ ሰፊው ልጅ። የአፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ሙሴ ቤድሮስ ቦያጅያን የ«ቦያጂ»፣ የቀለም ነካሪው ልጅ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡትን አርባ ልጆች በሙዚቃ የመሩት፣ የዘውዱንም ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት ሙሴ ኬቮርክ ናልባንድያን የ«ናልባንት»፣ የፈረስ ጫማ መቺው ልጅ ናቸው። በገዛ አገሩ እንዳይጻፍ የተከለከለው ጫፍ በእኛ ከተማ በነፃነት ተጽፎ ኖረ። ስደተኛው ከቤቱ ይዞት የወጣው የመጨረሻ ዕቃ ስሙ ነበረ።

እኛም ይህን መንገድ ሞክረነዋል። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጽ ማንኛውም ሰው የቤተ ሰብ ስም፣ አንድ ወይም ብዙ የግል ስሞችና የአባት ስም እንዳለው ይናገራል። ቃሉ ተጻፈ፤ ሕዝቡ ግን አልያዘውም። የአንካራ ሹም በየመንደሩ ዞሮ ስም እንዳደለ በእኛ ዘንድ ማንም ስም አላደለም፤ ሰውም የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ብሎ መቍጠሩን ቀጠለ። የሚገርመው በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ባሸነፈ ጊዜ የውጭ ጋዜጦች «ቢቂላ አሸነፈ» ብለው ጻፉ። ሮጦ ያሸነፈው ልጁ፣ የተመሰገነው አባት ሆነ።

ይህን እንደ ቀልድ ብቻ የምናየው አይደለም። ወደ ውጭ የሄደ ኢትዮጵያዊ የአባቱ ስም የቤት ስም ተደርጎ ሲመዘገብ፣ በዚያ የተወለደው ልጁ በአያቱ ስም ይጠራል፤ የአባትየው ስም ከመካከል ይጠፋል። አባትና ልጅ በአንድ ቤት እየኖሩ በመዝገቡ ላይ ወንድማማች ይመስላሉ። «ወልደ ሚካኤል» የሚለውንም በሁለት ሣጥን ከፍለው «ወልደ» የአባት፣ «ሚካኤል» የአያት ብለው የሚጽፉ አሉ። ጸሓፊው በአንድ የብዕር ጫፍ አንድ ሰው ይፈጥራል፤ ሌላውን ይሰርዛል። በፍርድ ቤት የውርስ ክርክር ያየ ሰው ይህች ጫፍ ምን ያህል እንደምትከብድ ያውቃል።

ማዕርጎቹስ? ቱርኮች በሕግ ሻሯቸው፤ እኛም ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ራስና ደጃዝማች የሚሾም መንግሥት የለንም። ይሁን እንጂ አፍ ሕግን ቶሎ አይሰማም። «ወይዘሮ» ጥንት የባላባት ሴት ክብር ነበረ፤ ዛሬ ያገባች ሴት ሁሉ ነው። «በይ»ም ጥንት የነገድ ጌታ ነበረ፤ ከተሻረ ከዘጠና ዓመት በኋላም ዛሬ በኢስታንቡል ለባለ ሱቁም ለሐኪሙም ይነገራል። በይ የሚጨመረው ግን ሕጉ በሰጠው የቤተ ሰብ ስም ላይ አይደለም፤ እናቱ ባወጣችለት ስም ላይ ነው፤ «አሕመት በይ» ይሉታል። እኛም አቶ አበበ እንላለን እንጂ አቶ ቢቂላ አንልም።